የሹሩባ ሠሪዋ ዓይን

ሹሩባ አይተን የምናደንቀው ብዙ ጊዜ ጉንጉኑን ነው፤ ቅጥነቱን፣ እኩልነቱን፣ ከግንባር ተነሥቶ ሳይዛነፍ ማጅራት መድረሱን። የእኔ ዓይን ግን የሚያርፈው ከዚያ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ላይ ነው። ተሠሪዋ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ትሰጣለች፤ ሠሪዋ ከኋላ ከፍ ብላ ትቀመጥና የተሠሪዋን ራስ ወደ ጉልበቷ ታስጠጋዋለች። ከዚያ የማበጠሪያዋን ጭራ ከግንባር መሀል አስነሥታ እስከ አናት አንድ መስመር ታወጣለች። መስመሩ ጉንጉኑን ለመክፈል ብቻ ይመስላል። ጥሩ ሠሪ ግን በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ የራስ ቆዳውን ታነባለች፤ ሳታነብ እጇን ፀጉር ውስጥ አትከትም።

መጀመሪያ የምታየው ቅርፊቱን ነው። የደረቀ የራስ ቆዳ የሚጥለው ደቃቅና ነጭ ነው፤ ማበጠሪያ ሲነካው ብን ብሎ ትከሻ ላይ ይወርዳል። ከሥሩ ያለው ቆዳ ወዝ የለውም። ፎረፎር ሌላ ነው፤ ሰፋ ይላል፣ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ፀጉሩ ሥር ይጣበቃል፣ ሲነሣም ጣት ላይ ቅባት ይተዋል። መጻሕፍቱ ፎረፎር ቆዳን ያቀላል ይላሉ፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ጎልቶ አይታይም። ስለዚህ ሠሪዋ ከቀለሙ ይልቅ ጣቷን ታምናለች፤ የሌባ ጣቷን ሆድ መስመሩ ላይ አሳርፋ በቀስታ ትስበዋለች። ሻካራና የተወጠረ ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ የሚያሟልጭ ከሆነ ሌላ።

ቀጥላ ትጠይቃለች፦ «የኔ እናት፣ ከታጠብሽ ስንት ቀን ሆነሽ?» ወሬ ለማስጀመር የተጣለች ጥያቄ ትመስላለች። ነገር ግን የደረቀ ቆዳ የሚወጥረውና የሚያሳክከው በተለይ ከታጠቡ በኋላ ነው፤ ፎረፎር ደግሞ ሳይታጠቡ በቆዩ ቁጥር ይብሳል። ከመልሱ የሚገኘው ከማየት የሚገኘውን ያህል ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በቅቤ ምክንያት ነው። በየቤታችን ራስ ሲያሳክክ የሚመጣው መድኃኒት አንድ ነው፤ «ቅቤ አድርጊልኝ» ይባላል፣ ይደረጋል። ለደረቀ ቆዳ ጥሩ። በሁላችንም ራስ ላይ ግን ማላሴዚያ የሚባል፣ ከእርሾ ወገን የሆነ ፈንገስ ይኖራል፤ ምግቡ የቆዳችን ቅባት ነው። ፎረፎር ከእሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ፎረፎር ያለበት ራስ ላይ ቅቤ መቀባት ፈንገሱን መቀለብ ነው። እዚህ ላይ እጇን የምትሰበስብ ሠሪ፣ ቅቤ ይዛ ለመጣች ደንበኛ «ዛሬስ ይቅር» የምትል ሠሪ፣ በእኔ ሚዛን መቶ ጉንጉን እኩል ከምታወርደው ትበልጣለች።

ችግሩ ድርቀት ከሆነ መንስኤው ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው። የሚያቃጥል ውኃ፣ ጠንካራ ሻምፖ፣ ካስክ ውስጥ ረጅም ጊዜ መቀመጥ ሲጨመርበት ቆዳው ወዙን ያጣል።

የቅቤው አቀባብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ለጋ ቅቤ ሰማንያ በመቶው ገደማ ስብ ነው፤ እርጥበት ከመስጠት ይልቅ ያለውን እርጥበት እንዳይተን ይይዛል። ስለዚህ ውኃ ባልነካው ራስ ላይ አይቀባም። ለብ ባለ ውኃ፣ ለስላሳ ሻምፖ፣ በጥፍር ሳይሆን በጣት ሆድ ይታጠባል፤ ሳሙናው እስኪለቅ ሁለት ጊዜ ይለቀለቃል፤ በፎጣ ነካ ነካ ይደረግና ጨርሶ ሳይደርቅ፣ ገና እርጥበት እያለው፣ ቅቤው ይመጣል። ሠሪዋ የጥፍር ያህል ቆንጥራ በመዳፎቿ መሀል ታቀልጠውና በመስመሩ ታስኬደዋለች፤ መስመር በመስመር፣ ቆዳውን ብቻ። ቅቤ አናት ላይ ቆልሎ ፀሐይ ላይ መቀመጥ የራሱ ደስታ አለው፣ አልከለክልም፤ ለቆዳው ግን ትንሹ ይበቃዋል። ሲሰነብት ስለሚሸት በማግስቱ ይታጠባል።

ፎረፎር ላለበት ሹሩባው ይዘገያል። ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፖ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል፤ ቆዳው ላይ ታሽቶ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆይና ይታጠባል፣ በሳምንት ሁለቴ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት። አብዛኛው ሰው ቀብቶ ወዲያው ያጥበዋል፤ ከዚያ «አልሠራልኝም» ይላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ጉንጉኑ። እዚህም የሠሪዋ ጥበብ በግንባሩ ዳር ይታያል፤ ጥጥ ፈታይ ክሯን ሳትበጥስ እንደምታሳሳው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙሮች ላላ አድርጋ ትጀምርና ወደ ኋላ ስትሄድ ታጠብቃለች። ጠበቅ ያለ ሹሩባ ይቆያል ብለው የሚያስቡ አሉ። ቅንድብ የሚስብ፣ ሌሊት የማያስተኛ ሹሩባ ግን ፀጉሩን ከሥሩ ይጎትታል፤ የግንባር ዳር ፀጉር ለዓመታት ሲጎተት ተመልሶ ላይበቅል ይችላል። በፀጉሩ ሥር ትንንሽ እብጠት ከታየ ሹሩባው መፈታት አለበት።

ለልጅ ሲሆን አንድ ተጨማሪ ነገር ታያለች፦ ክብ ሆኖ ፀጉሩ የረገፈበት፣ ወይም የተሰበሩ ፀጉሮች ጥቋቁር ነጥብ የመሰሉበት ቦታ። ይህ ብዙ ጊዜ ቆረቆር ነው፤ ቅቤም ሻምፖም አያድነውም፣ ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ በሐኪም የታዘዘ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፤ በማበጠሪያም ከራስ ወደ ራስ ይሻገራል። ያን ቀን ሠሪዋ አትሠራም። እናቲቱን ጠርታ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ እንድትወስድ ትነግራታለች፤ ማበጠሪያዋን አጥባ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ትነክርና ሌላ ማበጠሪያ አንሥታ ቀጣይዋን ትጠራለች።