ከምስክሮቹ ስም መጀመር

የባቢሎንን ሕግ ላጥና ያለ ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ንጉሡ ሐሙራቢ የሕግ ሐውልት ነው። አልፈርድበትም። ከ2 ሜትር በላይ የሚረዝም ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በ1901 እና 1902 እ.ኤ.አ. ሱሳ ላይ ተቆፍሮ የወጣ፣ ተርጓሚው ቬንሳን ሼል 282 አንቀጽ ብሎ የቆጠረለት፣ ዛሬ ፓሪስ ሉቭር ውስጥ የሚታይ። እኔ ግን ተማሪ ሲመጣብኝ «ድንጋዩ ይቆይህ፤ በሲጳር ከተማ ቤት የተሸጠበትን የሸክላ ውል አንብብ፤ ያውም ከታች ወደ ላይ» እለዋለሁ።

ከታች ያሉት ምስክሮቹና ቀኑ ናቸው። ምስክር ከነአባቱ ስም ይጻፋል፤ ስሞቹ ስለሚደጋገሙ ዓይን ፊደሉን የሚለምደው እዚያ ነው። ወደ ላይ ሲወጡ ሻጭ ዳግም ላይከራከር በአማልክቱ በሻማሽና በማርዱክ፣ በንጉሡም ስም የሚማለው መሐላ ይመጣል። ከዚያ በሚዛን የተከፈለው ብር፣ ከዚያ አዋሳኞቹ።

ይህን አነባበብ የተማርኩት ከጎንደር ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር ላይ ርስት የገዛ ሰው ውሉን በቤተ ክርስቲያን ብራና ኅዳግ ላይ ያስጽፍ ነበር፤ ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋጋው፣ ምስክሮቹ። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ እነዚህን ጽሑፎች መርምሮ ሴቶች ርስት ይይዙ፣ ይገዙና ይሸጡ እንደነበር አሳይቷል። ፍትሐ ነገሥትን ብቻ ያነበበ ሰው እነዚያን ሴቶች በስማቸው አያገኛቸውም። ሲጳርም እንዲሁ ነው። ናዲቱ የሚባሉት፣ ለሻማሽ የተሰጡና መውለድ የተከለከሉ ሴቶች፣ ቤት ሲገዙ፣ እርሻ ሲያከራዩ፣ ከወንድሞቻቸው ጋር በውርስ ሲካሰሱ የሚታዩት ሸክላው ላይ ነው። ሐውልቱ ስለ ውርሳቸው ይደነግጋል እንጂ አንዷንም በስም አያውቃትም።

ደግሞም የዘመኑ ዳኞች ፍርዳቸውን ሲያስጽፉ የሐሙራቢን አንቀጽ የመጥቀስ ልማድ አልነበራቸውም። ይህ የሚያስደንቀው ሕግን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ነው። እኔ ራሴ ቤት ስከራይ የፈረምኩት ወረቀት የሁለት ምስክር ስም ነበረበት፤ አንቀጽ የሚባል ግን አልነበረበትም።

ሐውልቱ ፋይዳ የለውም ማለቴ አይደለም። ሰባተኛው አንቀጽ ከሰው ባሪያ ወይም ከአባወራ ልጅ እጅ ያለ ምስክርና ያለ ውል የገዛ፣ እንደ ሌባ ይገደል ይላል። ብዙ ውሎችን ካነበቡ በኋላ ሲደርሱበት፣ ያ ሁሉ የስም ዝርዝር ለምን እንደተደረደረ ይገባል። ቀድመው ካነበቡት ግን የጭካኔ ምሳሌ ሆኖ ይቀራል።

ከቅኔ ቤት ለወጣችሁ፦ አካድኛ የግዕዝ ዘመድ ነው፤ ግሱ አያስፈራችሁም። የሚያታግለው ፊደሉ ነው፤ አንዱ ምልክት ብዙ ድምፅ አለው። ሞክሩት፤ ከሲጳር ውሎች ጀምሩ።