«የታደሰ» ማለት ምን ማለት ነው?

«ቤተል፣ ከአስፋልት 200 ሜትር ገባ ብሎ፣ ሙሉ በሙሉ የታደሰ ባለ 2 መኝታ፣ ጂፕሰም፣ ሴራሚክ፣ ዘመናዊ ኪችን፣ ለትንሽ ቤተሰብ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር።»

ይሄን ማስታወቂያ ማንም አልጻፈውም። ቴሌግራም ላይ ካነበብኳቸው የኮልፌ ቀራንዮ የኪራይ ማስታወቂያዎች ገጣጥሜ የሠራሁት ነው። ግን የሆነ ቦታ ያያችሁት ሳይመስላችሁ አይቀርም። ደራሲው ሳይታወቅ ሁሉም የሚያውቀው ጽሑፍ ዘውግ ሆኗል ማለት ነው፤ ዘውግ ከሆነ ደግሞ ይተቻል።

ከግሱ ልጀምር። «የታደሰ» ሲባል አዳሹ የለም። «ቀለም ቀባሁት፣ ሴራሚክ አስነጠፍኩ» ብሎ የሚጽፍ አከራይ እስካሁን አላየሁም፤ ቤቱ በራሱ ጊዜ ተነስቶ የታደሰ ነው የሚመስለው። ከአዳሹ ጋር አብሮ የሚጠፋ ሌላ ሰውም አለ፦ ከእድሳቱ በፊት እዚያ ይኖር የነበረው ተከራይ። ወዶ ወጣ? ውጣ ተባለ? ጥያቄው ለወሬ አይደለም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ኪራይም አከራዩ ደስ ባለው ጊዜ የሚጨምረው ነገር መሆኑ በሕግ ቀርቷል። ስለዚህ «የታደሰ» የግድግዳ ቀለም ብቻ የሚገልጽ አይመስለኝም። ይሄ ያ የድሮው ቤት አይደለም፣ ዋጋውም የድሮው አይሆንም የሚል ሙሉ ክርክር በአንድ ቃል ነው። እንደ አጭር ጽሑፍ አደንቀዋለሁ። እንደ ተከራይ ግን ያስፈራኛል።

እርግጥ ሴራሚክም ሲሚንቶም በነፃ አይገኝም። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው የውስጡን ሥራ በራሱ ገንዘብ ነው የሚጨርሰው፤ ብዙ አከራይ ያወጣውን መመለስ ቢፈልግ አይገርምም። እሺ፣ ያንን ይጻፈው። «ይህን ያህል አወጣሁ» ማለት ከ«ዘመናዊ» የበለጠ ያሳምናል።

ሁለተኛው ችግር የሰፈር ስም ነው። ኮልፌ ውስጥ ስሞች ትርጉም አላቸው። ዓለም ባንክ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ባንኩ ከደገፈው የቤት ፕሮጀክት ነው፤ አጠና ተራም አጠና የሚሸጥበት ተራ ነው። በማስታወቂያው ዓለም ግን ሁሉም «ቤተል አካባቢ» ነው። «ለታክሲ 5 ደቂቃ» የሚለውም ደረቅ መሬት ላይ፣ በበጋ፣ ሻንጣ ሳይዙ ነው። ሐምሌ ላይ ሞክሩት።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ያልተጻፈው ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ፎርም ስሠራ ሳይሞላ የማያሳልፍ ቦታ ላይ ቀይ ኮከብ አደርጋለሁ። የኪራይ ማስታወቂያ ላይ ኮከብ የማደርግባቸው፦ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ አለ? ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? ውሉ ይመዘገባል? አንዱም አይሞላም። የሻወሩ ቧንቧ ፎቶው ላይ ያብረቀርቃል፤ ውሃው በፈረቃ መሆኑን ፎቶ አያሳይም።

የተቀረው በስልክ ነው የሚነበበው። ደላላው «ወንድሜ» ይልና ይጀምራል፦ «ስንት ናችሁ? ልጅ አለ? እንግዳ ይበዛል?» ማስታወቂያው ላይ ስለ ቤቱ ቅጽል ሲደረድር የነበረው ሰው አሁን የሚመረምረው አንተን ነው። ዋጋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ይከተለዋል፦ «ውሉ ላይ ትንሽ ዝቅ አርገን እንጽፋለን።» ትርፉን በእጅ መስጠት ነው። አዋጁ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ይከፈል ማለቱ ለዚህ ነበር፤ በእጅ የሰጠኸው ብር ምስክር የለውም። ነገ ጠብ ቢነሳ ከፍያለሁ ብትል ማን ያምንሃል? ነገርዬው እዚህ ላይ ሥነ ጽሑፍ መሆኑ ያበቃል። አንዱ ቤት ሁለት ጽሑፍ አለው፣ አንዱ ለመንግሥት አንዱ ላንተ፣ የሚያስከፍልህም ያልተጻፈው ነው።

በዚህ ዘውግ ካነበብኩት ሁሉ የምመርጠው አጠና ተራ አካባቢ የመብራት ምሰሶ ላይ በእጅ ተጽፎ ተለጥፎ ያየሁት ነው። «አንድ ክፍል ቤት አለ። ውሃ ማታ ማታ ይመጣል። ሽንት ቤት የጋራ ነው።» ከዚያ ዋጋው፣ በቁጥር። ለማን እንደሚመች አይናገርም፣ ዘመናዊ ነኝም አይልም። ስልክ ቁጥሩ ወረቀቱ ግርጌ ላይ እንዲቀደድ ተደጋግሞ ተጽፏል፤ እኔ ስደርስ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ።