ልጁ ከመምረጡ በፊት

በግሼ፣ ራቤል ላይ አንዲት እናት «ሲስተር፣ ልጄ እህል አልቀምስ አለኝ» ብላ ስትመጣ፣ ብዙ ጊዜ ልጁ ጀርባዋ ላይ ታዝሎ ብስኩት ይቆረጥማል። ለማሾፍ አይደለም የምናገረው፤ የምትለው እውነት ነው። ምሳውን ገፍቷል፣ እራቱንም ይገፋል። እኔ ግን ለምን እምቢ እንዳለ ከመጠየቄ በፊት ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አፉ የገባውን ሁሉ በተራ እንድትነግረኝ አደርጋለሁ። ሻይ በዳቦ። ጡት። አጎቱ የሰጠው ከረሜላ። እንደገና ሻይ። ሁለት ጉርሻ እንጀራ በሽሮ። ጡት። ሌሊትም ጡት። ዝርዝሩ ሲያልቅ እናቲቱ ራሷ ትስቃለች። የዚህ ልጅ ሆድ መቼ ባዶ ሆኖ ያውቃል?

የዕድሜው ነገርም አለ። በተወለደ በዓመቱ ክብደቱን 3 እጥፍ ያደረሰ ልጅ በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ዕድገቱ ረጋ ሲል ፍላጎቱም ይቀንሳል። በዚያው ሰሞን መሄድ ይጀምራል፣ እምቢ ማለት ይለምዳል፣ የማያውቀውን ምግብ ይጠረጥራል። ይህ በሽታ አይደለም። ሻዩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስኳሩ ትንሿን ሆድ ይደልላታል፤ ሻዩ ራሱ ደግሞ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ይይዝበታል። ብረት ያነሰው ልጅ ምግብ አያሰኘውም። ስለዚህ መጀመሪያ የማዝዘው አዲስ ምግብ አይደለም። ሻዩ ይቅር፣ ጡቱ ከምግብ በኋላ ይሁን፣ በምግብና በምግብ መካከልም ሁለት ሰዓት ያህል ከውሃ በቀር ምንም አይቅመስ እላለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ልጁን ማየት አለብኝ። በእኛ አገር እህል እምቢ ያለን ልጅ ቀድማ የምትመረምረው አያቱ ናት፤ «እንጥሉ ወርዶ ነው»፣ «ግግ ነው»፣ «ዓይን ገብቶበት ነው» ትላለች። በዓይኑ አልከራከርም። ልጁን እንግዳ ፊት አታብሉት ማለት የሚጎዳው ሰው የለም፤ እንዲያውም ግርግር የሌለበት ቦታ ለሚበላ ልጅ ይሻላል። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ግን ደም ያፈስሳል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል፣ ልጅም ይገድላል፤ እዚያ ላይ ድምፄ ከፍ ይላል። አፉን ከፍቼ ቁስል እፈልጋለሁ፣ ክንዱን እለካለሁ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ፣ ስለ አበላል የምናወራበት ጊዜ አይደለም፤ ወዲያው ሕክምና ይጀምራል። 2 ዓመት ካለፈው ደግሞ የትል መድኃኒቱን መውሰዱን እጠይቃለሁ።

ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ወደ ጓዳው እንገባለን። የመንዝና የግሼ ደጋ የገብስ አገር ነው፤ ገብስ በእንጀራው፣ በበሶው፣ በቆሎው፣ በጠላው አለ። ባቄላ አለ፣ ምስር አለ፣ ጓሮ ጎመን አለ፣ ዶሮ አለ፣ በግማ የመንዝ በግ ነው። ታዲያ ልጁ ፊት የሚቀርበው ምንድን ነው? እንጀራ በሽሮ፤ በማግሥቱም እንጀራ በሽሮ። በጉ ለማዳበሪያ ይሸጣል፣ እንቁላሉ በገበያ ቀን ለጨውና ለሳሙና ይወጣል፣ ጎመኑ ደግሞ ለልጅ ሆድ ይከብዳል ይባላል። ልጁ መራጭ ከመባሉ በፊት ቤቱ መርጦለታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 23 ወር ያለ ልጅ በቀን ከ8 የምግብ ምድቦች ቢያንስ ከ5ቱ እንዲያገኝ ይመክራል፤ የእናት ጡትም አንዱ ምድብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን፣ በዚህ ዕድሜ ካሉት የኢትዮጵያ ልጆች በዓይነትም በድግግሞሽም የሚበቃቸውን ያህል የተመገቡት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆች 46 በመቶው የቀነጨሩ ሆነው ተገኙ፤ በአገር ደረጃ 38 በመቶ ነበር። ይህን ሁሉ የልጅ እምቢታ አያመጣውም።

ክላራ ዴቪስ የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ጡት የተዉ 15 ሕፃናትን ይዛ የሚበሉትን ራሳቸው እንዲመርጡ ፈቅዳላቸው ነበር። አንዱ ዛሬ እንቁላል ብቻ፣ ነገ ፍራፍሬ ብቻ ይበላል፤ በጊዜ ብዛት ግን ሁሉም በጤና አደጉ። ይህን ሰምቶ «ልጅ የሚበጀውን ያውቃል፣ ተዉት» የሚል ሰው አያለሁ። ዴቪስ ራሷ ግን ምሥጢሩ በምግቦቹ ዝርዝር ላይ መሆኑን ተናግራለች። ከቀረቡት 34 ምግቦች ውስጥ ስኳርም ብስኩትም አልነበረም፤ አዋቂዎቹ አስቀድመው መርጠዋል።

ጾሙ ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቤተ ክርስቲያን 7 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጹም አትለውም፤ ይህን ማንም እናት ታውቃለች። ሆኖም በሁዳዴ 55 ቀን ድስቱ ፍስክ እንዳይነካው ሲባል ልጁም ቅቤና እንቁላል ሳያይ ይሰነብታል። በየሳምንቱ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ አሉ። እዚህ ላይ ስብከት አልጀምርም። ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያና አንድ ሳህን ለይተው ከሌላው ዕቃ ርቆ እንዲታጠብና እንዲቀመጥ እነግራቸዋለሁ። ይህን ስል መጀመሪያ እሺ የሚሉኝ አያቶቹ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜዬን የሚወስደው ገንፎው ነው። የገብስ ገንፎ ወፍራም ነው፣ ሲበርድም ይጠነክራል፤ የዓመት ተመንፈቅ ልጅ አላምጦ አላምጦ ይተፋዋል። እናት ታዲያ ውሃ ትጨምርበታለች፣ ይቀጥናል፣ ልጁም ይጠጣዋል። ሆዱ ሞላ፤ የገባው ግን አብዛኛው ውሃ ነው። መላው ለጠላ ከበቀለው ብቅል ይገኛል። የበቀለ እህል ስታርችን የሚሰባብር ኢንዛይም አለው። ሦስት እጅ ገብስ ወይም ስንዴ ከአንድ እጅ የተቆላ ባቄላ ጋር ተፈጭቶ ወፍራም ገንፎ ይገነፋል፤ ከእሳት ወርዶ ቀዝቀዝ ሲል አንድ ሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጣል አድርገን እናማስለዋለን። ብዙም ሳይቆይ ማማሰያው ይቀለናል፤ ጠብታ ውሃ ሳይጨመር ገንፎው እንደ እርጎ ይላላል። ብቅሉ ጥሬ ነውና ከዚያ መልሰን አንድ ጊዜ እናፈላዋለን። ሻጋታ የሸተተ ወይም ጌሾ የነካው ብቅል አይሆንም። በመጨረሻ ቅቤ ጠብ ይደረግበታል፤ ካለ እንቁላልም ተመትቶ ይገባና አብሮ ይበስላል።

በዚህ መሃል ከጥግ «ልጄ፣ ሕፃኑን ልታሰክሪው ነው እንዴ?» የሚል ድምፅ አይጠፋም። «እማማ፣ ሳይቦካ አያሰክርም» እላለሁ፤ ቀድሜም እቀምስላቸዋለሁ።

ከዚያ የማቅረቡ ነገር ይመጣል። ቤተሰቡ ከአንድ ትሪ ሲበላ ታላላቆቹ ይፈጥናሉ፤ የትንሹን ድርሻ ያየ የለም። ሳህኑ የራሱ ይሁን፤ በሱም ላይ የሚወደው አንድ ነገር፣ ከአጠገቡ የማያውቀው ጥቂት ነገር ይቀመጥ። የተቀቀለ ድንች፣ ተፈርፍሮ በሽሮ የራሰ እንጀራ፣ በደንብ የተከተፈ ጎመን። ቆሎ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም፣ ያንቃል። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ አልከለክልም፤ ልጁ ፊቱን ካዞረ በኋላ አገጩን ይዞ መጋትን ግን እከለክላለሁ። በግድ የሚጋት ልጅ ሳህኑን ገና ሲያይ ማልቀስ ይጀምራል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ በላም አልበላም፣ ሳህኑ ያለ ቁጣ ይነሣ። በምትኩ ብስኩት አይምጣ፤ የሚቀጥለው ምግብ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል።

አዲስ ምግብ እስኪለመድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅረብ ሊኖርበት ይችላል። እናቶች የሚተዉት ሦስተኛው ላይ ነው፤ አልፈርድባቸውም። የተወረወረ ጎመን ያስቆጫል፣ ማገዶውም ውድ ነው። ለዚህ ነው ለብቻው አታብስሉ፣ ከቤቱ ወጥ በርበሬ ሳይገባ በጭልፋ ቀንሱለት የምለው። የልጁ ድርሻ ሁለት ማንኪያ ከሆነ ቢወረወርም ያን ያህል አይቆጭም።

ክረምት ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ጎተራው ይጎድላል፣ እናቲቱ ከአረም ስትመለስ መሽቷል፣ ልጁን የምታበላው የሰባት ዓመት እህቱ ናት። በዚያ ወቅት ስለ አምስቱ ምድብ አላነሣም። ባቄላው ከዱቄቱ እንዳይወጣ፣ ከሚሸጡት ሦስት እንቁላሎችም አንዱ እቤት እንዲቀር ነው የምደራደረው። «አንዱን ካስቀረሁት ሳሙናው አይሞላልኝም» ትለኛለች። እኔም «እንግዲያው በሚቀጥለው ገበያ» እላታለሁ፣ እሷም «እስቲ ዶሮዋ ትጣል» ትላለች።