ዘጠኝ ሕመምተኞች፣ ስድስት ብልቃጦች፦ የአልቫሮ ሞራሌስን ጥናት እንዴት እንመዝነው?

እጅጌያችሁን ሰብስቡና ክንዳችሁን እዩት። ብዙዎቻችሁ ትንሽ ክብ ጠባሳ ታገኛላችሁ። ጨቅላ ሳላችሁ የተወጋችሁት የቲቢ መከላከያ፣ ቢሲጂ፣ የተወው ምልክት ነው። ይኸው ክትባት ዛሬ የሽንት ፊኛ ካንሰር መድኃኒትም ነው። መንገዱን የከፈቱት በካናዳ፣ ኪንግስተን ከተማ በሚገኘው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ቀዶ ሐኪም ዶክተር አልቫሮ ሞራሌስ ናቸው። በፈረንጆቹ 1976 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ እንደ ተአምር ይተረካል። እስቲ እኛ ተአምሩን ትተን ጥናቱን እንመዝነው።

በመጀመሪያ ጠንካራ ጎኑ። ፊኛው ውስጠኛ ሽፋን ላይ ብቻ ያለ ካንሰር በመሣሪያ ተጠርጎ ይወጣል፤ ችግሩ ደጋግሞ መመለሱ ነው። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ አንድ ነገር አሳይተው ነበር፦ ቢሲጂ የሚሠራው ዕጢውን በቅርብ ሲነካና ዕጢው ትንሽ ሲሆን ነው። ታዲያ ፊኛ ምንድን ነው? በቀጭን ቱቦ የሚደረስበት ከረጢት አይደል? ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚቀረው ካንሰርም ጥቂት ነው። የተዳከመው ባክቴሪያ እዚያ ሲገባ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ይሰበሰባሉ፤ በዚያው ካንሰሩንም ያጠቃሉ። መድኃኒቱ አዲስ አልነበረም፤ ትክክለኛውን ቦታ መምረጥ ግን የቀዶ ሐኪም ዓይን ይጠይቃል። ለእኔ የጥናቱ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው።

አሁን ቁጥሮቹን እንይ። ሕመምተኞቹ 9 ብቻ ነበሩ። የእያንዳንዳቸው የክትትል ወራት ሲደመር፣ ከሕክምናው በፊት በ77 ወራት ካንሰሩ 22 ጊዜ ተመልሷል። ከሕክምናው በኋላ በ41 ወራት የተመለሰው 1 ጊዜ ነው። በድሮው ፍጥነት ቢሄድ ኖሮ ወደ 12 ጊዜ ይጠበቅ ነበር። ያስደንቃል! ግን ማነጻጸሪያ ቡድን የለም፤ ሰዎቹ የተነጻጸሩት ከራሳቸው የቀድሞ ታሪክ ጋር ነው። ሰው ለአዲስ ሕክምና የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ በባሰበት ወቅት ነው፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ ሊቀልለውም ይችላል። 9 ሰው ይህን ጥርጣሬ አያጠፋም።

ሌላው ደካማ ጎን የሕክምናው አሰጣጥ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት። ለምን ስድስት? በሙያው ውስጥ በሰፊው እንደሚነገረው፣ ክትባቱ የሚመጣው በአንድ ማሸጊያ ስድስት ብልቃጥ ሆኖ ስለነበረ ነው። ከፊኛው ሌላ ቆዳ ላይም ይወጉ ነበር፤ የቆዳው መርፌ አላስፈላጊ መሆኑ በኋላ ታወቀ። ስድስቱ ሳምንት ግን እስከ ዛሬ አለ።

ታዲያ ጥናቱ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? ሐሳቡ ልክ ነበር። ይህን ያረጋገጠው ግን ያ ጽሑፍ ሳይሆን ተከታዮቹ ናቸው። ሌሎች ሐኪሞች ሕመምተኞችን በዕጣ እየመደቡ ፈተኑት፤ በ1990 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቀደው። በ2000 የወጣ ትልቅ ጥናት ደግሞ ከስድስቱ ሳምንት በኋላ እስከ ሦስት ዓመት በየጊዜው ሲደገም ካንሰሩ ዘግይቶ እንደሚመለስ አሳየ። ስለዚህ ስድስቱ ብልቃጥ መነሻ እንጂ በቂ አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ በአድናቆቱ ውስጥ ይረሳል። እኚሁ ሐኪም ቢሲጂን በኩላሊት ካንሰር ላይም ሞክረዋል። እዚያ ግን ሕክምና ሆኖ አልዘለቀም። የተሳካውን ብቻ ካወራን ተመራማሪው ሁሌ የሚያውቅ ይመስለናል፤ እውነቱ ግን ሁለት በር አንኳኩተው አንዱ መከፈቱ ነው።

«ስንት ይበቃል?» የሚለው ጥያቄ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ቶሮንቶ የነበረ አንድ የቢሲጂ ፋብሪካ ጎርፍ ከገባበት በኋላ በ2012 ማምረት አቆመ። እጥረት በተከሰተባቸው አገሮች ሐኪሞች አንዱን ብልቃጥ ለብዙ ሰው ማካፈልና ማን ይቅደም ብለው መምረጥ ግድ ሆነባቸው። በአጋጣሚ የተጀመረ ልክ እንደ ሕግ ተይዞ ሲቆይ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ወረፋ ላይ ያለው ሕመምተኛ ነው።