የማካሮቭ ምላጭ ይከብዳል፤ ታዲያ ጉድለት ነው?

ወለንጪቲ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን የሽጉጥ ወሬ ተነሳ። አንድ አባት «ጥሩ ሽጉጥ ማለት ምላጩን ገና ስትነካው የሚተኩስ ነው» አሉ፤ ሁሉም ተስማማ። እኔ ግን መካኒካል ምሕንድስና ተምሬ ዝም ማለት አቃተኝ።

በአገራችን የታወቀውን ማካሮቭ እንውሰድ። ሶቪየት ኅብረት በ1951 እ.ኤ.አ. የታጠቀችው ነው፤ ባዶው 730 ግራም ይመዝናል። መዶሻው ተኝቶ ሳለ ምላጩን ስትስቡ፣ ጣታችሁ ሞላውን ጨምቆ መዶሻውን ራሱ ማንሳት አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ስበት ረጅም ነው፤ የሚጠይቀውም ጉልበት ከሽጉጡ ክብደት በብዙ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ሲመለስ መዶሻውን ስለሚያነሳው ምላጩ ቀለል፣ አጠር ይላል። አንድ ሽጉጥ፣ ሁለት ምላጭ! ዋናው ነቀፌታዬ ይኸው ነው፤ ጣት አንዱን ለመድኩ ሲል ሌላው ይመጣበታል።

ክብደቱስ ምን ይጎዳል? በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያው መካከል ያለው ርቀት 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጣት ሲጨምቅ የፊተኛው 1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ ጥይቱ 25 ሜትር ላይ 19 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስታል (25 ለ0.13 አካፍሉት)። ርቀቱ 38 ሳንቲ ሜትር በሚጠጋው ክላሽ ግን ያው ስህተት 7 ሳንቲ ሜትር አይሞላም።

እና አባታችን ልክ ናቸው? ለኢላማ ውድድር፣ አዎ። ወገብ ላይ ለሚውል ሽጉጥ ግን ያ ከባድ ስበት ጥበቃ ነው፤ ባጃጅ ላይ ሲወጡ ጨርቅ ምላጩን ቢጠልፈው እንዲሁ በዋዛ አይተኩስም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጥይቱን የሚመታው ቀጭን ብረት ወደ ኋላ የሚመልሰው ሞላ የለውም፣ ልቅ ነው። ጥይት የጎረሰ ማካሮቭ በአፈሙዙ ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅስ? ያኔ ምላጩ ከበደ ቀለለ ለውጥ የለውም። ሻይ ቤቱ ውስጥ ይህን ያነሳ አልነበረም።