ስለ ጆሮዋ የጻፈው ማን ነው?

የጄፍ ኦርሎውስኪን «ዘ ሶሻል ዲሌማ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እ.ኤ.አ. በ2020 ኔትፍሊክስ ባወጣው ሰሞን ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ያን ጊዜ ወድጄው ነበር። በቅርቡ እዚህ ናይሮቢ ከአሥራ አምስት ዓመት የእህቴ ልጅ ጋር ደግሜ ሳየው ግን ብዙው ነገሩ ረገበብኝ፤ አንዲት ትዕይንት ብቻ እንደ ቀድሞዋ ጸንታ ቆየችኝ።

ትዕይንቷ አጭር ናት። ፊልሙ ከባለሙያዎቹ ቃለ ምልልስ ጎን ለጎን በተዋንያን የሚሠራ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አለው። የቤቱ ትንሽ ልጅ አይላ ፎቶዋን በስልኳ አሽሞንሙና ትለጥፋለች፤ ሙገሳው ይዘንባል። ከሙገሳው መካከል አንድ ሰው በጆሮዋ ትልቅነት ያሾፋል። ልጅቷ መስተዋት ፊት ትቆማለች፤ ጆሮዋን በፀጉሯ ትሸፍናለች፤ ዕንባዋ ይመጣል። ይኸው ነው። የፊልሙ ሊቃውንት በአንድ ሰዓት ተኩል የሚናገሩት ሁሉ የዚህችን ደቂቃ ያህል አይከብድም።

«አክስቴ፣ ስለ ጆሮዋ የጻፈው ማን እንደሆነ አይነግሩንም እንዴ?» አለችኝ የእህቴ ልጅ።

አይነግሩንም። ፊልሙ ጥፋተኛውን አስቀድሞ መርጧል። ቪንሰንት ካርታይዘር የሚጫወታቸው ሦስት ተመሳሳይ ሰዎች መቆጣጠሪያ ክፍል ተቀምጠው የሰውን ልብ እንደ አሻንጉሊት ሲጎትቱ እናያለን፤ የስልኩን ስሌት በሰው አምሳል የሚወክሉት እነርሱ ናቸው። ብልሃቱ ያዝናናል። ይሁን እንጂ ስሌቱ ያንን ቃል ለልጅቷ አደረሰው እንጂ አልጻፈውም። የጻፈው፣ ትልቅ ጆሮ ነውር መሆኑን ከሌላ ሰው የተማረ ሰው ነው። ኦርሎውስኪ ወደዚያ መሄድ አልፈለገም። ብዙም ሳይቆይ ወንድሟን ቤንን ተከትሎ ወደ ፖለቲካ ጽንፈኝነት ይገባል፤ የልጅቷ ጆሮ ተረሳ።

ይህን ማለቴ ኩባንያዎቹን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ፊልሙ በወጣ በዓመቱ፣ በሴፕቴምበር 2021፣ ፍራንሲስ ሆገን ከፌስቡክ ይዛ የወጣቻቸውን ሰነዶች ዎል ስትሪት ጆርናል ይፋ አደረገ። በ2019 በተዘጋጀ አንድ የውስጥ ገለጻ ላይ፣ ኢንስታግራም ከ3 ታዳጊ ሴቶች በአንዷ ላይ ስለ ገላዋ ያለባትን ጭንቀት እንደሚያባብስ ተጽፏል። ኩባንያው በበኩሉ ቁጥሩ አስቀድሞ ይህ ጭንቀት የነበረባቸውን ልጆች ብቻ የሚመለከት ነው ሲል ተከራከረ። ክርክሩን ሳነብ፣ ሙያዬ ትርጉም ነውና፣ ዓይኔ የተተከለው «ያባብሳል» በሚለው ግስ ላይ ነበር። የሚባባስ ነገር ቀድሞ የነበረ ነው። ታዲያ ከየት መጣ?

እስቲ ወደ ገዛ ቋንቋችን እንመለስ። አማርኛ ሴትን ሲያሞግስ ብልት በብልት ነው፤ አፍንጫዋ ሰልካካ፣ አንገቷ መቃ፣ ጥርሷ በረዶ፣ ፀጉሯ ዞማ፣ ተረከዟ ሎሚ። ስልኬ ላይ ያለውን የፎቶ ማሳመሪያ ከፍቼ ዝርዝሩን ባየሁ ጊዜ የቆየ ትውውቅ ያለን መሰለኝ፤ አፍንጫ ማቅጠኛ፣ ዓይን ማጉያ፣ ጥርስ ማንጫ፣ ቆዳ ማለስለሻ። በ2023 ቲክቶክ ላይ የወጣው «ቦልድ ግላመር» የተባለው ማሳመሪያማ እጅ በፊት ላይ ቢያልፍ እንኳ አይዛነፍም፤ ጭምብል መሆኑ አያስታውቅም። በሠርግ ቤት ሙገሳው ግነት መሆኑን አሞጋሹም ተሞጋሿም ያውቁታል፤ ተረከዟን ከሎሚ ጋር የሚያስተያይ የለም። ስልኩ ግነቱን መለኪያ አደረገው፤ በስሩም ቁጥር ጻፈበት።

ድሮ ንጹሕ ነበርን እንዳልልም አፌን የሚይዘኝ ነገር አለ። ዞማ በተመሰገነ ቁጥር ፀጉረ ከርዳዳዋ ቁጭ ብላ ትሰማለች። «ጠቆር ብትልም ቆንጆ ናት» የምትለዋን «ብትልም» ስንት ቤት ሰምተናል! ኬንያ ሜርኩሪና ሃይድሮኪኖን ያለባቸውን የቆዳ ማንጫ ቅባቶች ያገደችው በ2001 ነው፤ ኢንስታግራም ገና አልተወለደም። ሩዋንዳም በ2018 ባለሥልጣኖቿን አሰማርታ ከየመደብሩ አስለቅማለች። ሜርኩሪ ኩላሊት እንደሚጎዳ የማይታወቅ ሆኖ አይደለም፤ ቅባቶቹ ግን ዛሬም ከናይሮቢ ገበያ አልጠፉም። ገዢ አላቸውና።

አንድ ጊዜ ለወጣቶች የተዘጋጀ የአእምሮ ጤና ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ እንድመልስ ተሰጠኝ። ሰው ስለ ገዛ መልኩ በልቡ የሚይዘውን ሥዕል እንግሊዝኛው በሁለት ቃል ይጠራዋል። «የገላ ምስል» ብዬ ጻፍሁ፤ ራጅ መሰለ። «የመልክ ግምት» አልሁ፤ ሸቀጥ መሰለ። ፍለጋዬ በመጨረሻ ያደረሰኝ «ደም ግባት» ወደሚለው ጥንታዊ ቃል ነበር፤ የሚተካው ባይሆንም ተቃራኒውን የሚያሳይ ሆኖ አገኘሁት። ደም ግባት ያላት ሴት የግድ ሰልካካ አይደለችም። ስትስቅ፣ ስትቆጣ፣ ወሬ ስትጀምር ፊቷ ላይ የሚመጣና የሚሄድ ነገር ነው። የሚያየው ሌላ ሰው ነው፤ ባለቤቲቱ መስተዋት ፊት ቆማ ልትይዘው አትችልም። ማሳመሪያው ቆዳን ሲያለሰልስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጠፋውም እርሱን ነው፤ ደሙ የሚገባበትን በር ይደፍነዋል። ይህን በአንድ አንቀጽ አስገብቼ ነበር፤ አራሚዎቹ ቃሉ አርጅቷል ብለው አወጡት።

ፊልሙ ሲያልቅ ባለሙያዎቹ ምክር ይለግሳሉ፤ ማሳወቂያዎችን አጥፉ፣ ስልክ መኝታ ቤት አይግባ። ደግ ምክር ነው፤ እኔም የእህቴን ልጅ ስልክ ማታ ማታ ሳሎን አሳድረዋለሁ።

በሳምንቱ እሑድ ዘመድ ቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። ገና ደጃፉ ላይ ሳለን አንዲት የምንወዳቸው እናት ልጅቷን አቅፈው አገላብጠው ሳሟት፤ አገጯን ይዘው ቀና አደረጓትና፣

«ውይ የኔ ልጅ፣ ምነው እንዲህ ጠቆርሽ?» አሏት።

እርሷም ዞር ብላ እኔን አየችኝ።