ሰማያዊው ቤላሩስና የድርቆሽ ማሰሪያው

በሐዋሳና በሻሸመኔ ዙሪያ ያለውን ሜዳ ከትራክተር ጋር ያስተዋወቁት ሰፋፊ የበቆሎ እርሻዎች ናቸው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የግል የንግድ እርሻዎች ወደ መንግሥት ዞሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የሶቪየት ማሽኖች በብዛት መግባት ጀመሩ።

ቀዩ ማሴ ፈርጉሰን ቀድሞ ቢታወቅም፣ የዚያ ዘመን መለያ ሰማያዊው የቤላሩስ ትራክተር ነው። ሚንስክ ውስጥ የተወለደው ይህ ኤምቲዜድ-80 አራት ሲሊንደር ያለው የናፍጣ ሞተርና 80 የሚደርስ የፈረስ ጉልበት አለው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በሶቪየት ኅብረት እገዛ በተቋቋመው የናዝሬት ፋብሪካም አገር ውስጥ ይገጣጠም ነበር። ውበቱ በቀላልነቱ ነው፤ ኮምፒውተር የለበትም፤ አብዛኛው አካሉ በመፍቻ ይፈታል፣ በመፍቻ ይታሰራል።

ከኋላው የሚጎተተው የድርቆሽ ማሰሪያ ደግሞ ለብቻው ሊደነቅ ይገባዋል! ኃይሉን ከትራክተሩ የኋላ ዘንግ ይቀበላል። ጥርሶቹ የደረቀውን ሣር ከመሬት ይለቅማሉ፤ ገፊው ብረት በሳጥኑ ውስጥ እየመታ ያጠብቀዋል። ቆልመም ያሉ ረጃጅም መርፌዎች ሲባጎውን ያሻግራሉ። በዚህ ጊዜ ምንቃር የመሰለች ትንሽ ብረት አንዴ ዞር ትልና ክሩን ጠምጥማ ትቋጥራለች፤ ቢላው ይቆርጣል፤ ቀጣዩ እስር ይጀመራል። የዚህች ቋጣሪ ዘዴ መነሻ አሜሪካዊው ጆን አፕልቢ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለእህል ነዶ ማሰሪያ የሠራው ነው።

ማሽኑ በሌለበት ግን ድርቆሹ በእንጨት ሳጥን ውስጥ በእግር እየተረገጠ በእጅ ይታሰራል።